ከ70ዎቹ የአሜሪካ የፖሊስ ድራማዎች የምትወዱት የቱ ነው? የእኔ ኮሎምቦ ነው

ካፖርቱ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ አዳዲስ ሲሪየሎች ብዙ ተወራ። ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ቴሌቪዥን በፖሊስ ተጥለቅልቆ ነበር። ኮጃክ፣ ሃዋይ ፋይቭ ኦ፣ ስታርስኪና ሃች፣ ባሬታ፣ አዳም 12፣ ማክላውድ፤ ቆጥራችሁ አትዘልቁትም። አብዛኞቹን አይቻቸዋለሁ። ኮሎምቦን የሚያህልብኝ ግን የለም። ምክንያቴን ልናገርና እናንተም የየራሳችሁን አምጡ።

ኮሎምቦ ውስጥ «ገዳዩ ማን ይሆን?» ብሎ የሚጨነቅ የለም። ፊልሙ ሲጀምር ገዳዩን እናየዋለን። እንዴት እንደገደለ፣ ማስረጃውን የት እንደደበቀ፣ ለፖሊስ ምን ብሎ ለመዋሸት እንደተዘጋጀ ሁሉንም እናውቃለን። ያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ይሄ ሰው እንዴት አድርጎ ይደርስበታል?

ገጸ ባሕርዩን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ ናቸው። ፒተር ፎልክ መጀመሪያ የተጫወተው በ1968 ለቴሌቪዥን በተሠራ ፊልም ነው። በመደበኛነት በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1971 ሲሆን እስከ 1978 ቆይቷል። በየሳምንቱ አይተላለፍም ነበር። ከማክላውድና ከማክሚላን ኤንድ ዋይፍ ጋር ተራ እየጠበቀ ነው የሚቀርበው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክፍል እንደ ሙሉ ፊልም የረዘመው። ጥድፊያ የለበትም። አንድ ንግግር እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን መደበኛ ክፍል ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የ24 ዓመቱ ስቲቨን ስፒልበርግ። የጻፈው ደግሞ ስቲቨን ቦችኮ ነው፤ ኋላ በ1981 ሂል ስትሪት ብሉዝ የሚባለውን የፖሊስ ድራማ ይዞ የመጣው። የዚያን ክፍል አከፋፈት ተመልከቱት። አንድ መኪና ከተማ ውስጥ ሲነዳ እናያለን። የምንሰማው ግን የሞተር ድምፅ አይደለም፤ የታይፕራይተር ድምፅ ነው። የሚጽፈው ሰው ሟቹ ነው፣ መኪናውን የሚነዳው ገዳዩ። አንድም ቃል ሳይነገር ሁለቱ ሰዎች ተያያዙ። ዛሬም ሳየው ይገርመኛል።

ሰውየውን ራሱን ደግሞ ተመልከቱ። ካፖርቱ የፎልክ የራሱ ነው። መኪናው ያረጀ ጣሪያው የሚከፈት ፔጆ 403 ነው። ሽጉጥ አይዝም። እንዲያውም በአንዱ ክፍል የተኩስ ፈተናውን ላለመፈተን ሲሸሽ ታዩታላችሁ። የሚገጥማቸው ሁሌም ከእሱ በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው፦ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ዝነኛ ደራሲ፣ የሙዚቃ መሪ፣ ኮሎኔል። መጀመሪያ ይንቁታል። እሱም ይናቅ። ይጠይቃል፣ ያመሰግናል፣ ይወጣል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይመለስና «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል። አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገዳዩ እንቅልፍ የለውም።

አንድ ክፍል ምረጥ ብትሉኝ የ1973ቱን የወይን ጠማቂውን ሰው ነው የምመርጠው። ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው የሚጫወተው። ወይኑን ከሰው አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። ግማሽ ወንድሙ እርሻውን ሊሸጥበት ሲል መትቶ ይጥለውና ጓዳው ውስጥ ይዘጋበታል፤ ማቀዝቀዣውን ያጠፋና ይሄዳል። ሰውየው አየር አጥሮት ይሞታል። ግን ከተማው ውስጥ ያን ሰሞን ኃይለኛ ሙቀት ነበረ። ጓዳው ጋለ፣ ወይኑ ተበላሸ። ኮሎምቦ ከዚያው ጓዳ አንድ ጠርሙስ አውጥቶ ለባለቤቱ ያስቀርብለታል። ያን የመሰለ ምላስ ያለው ሰው የተበላሸውን ወይን ሲቀምስ ዝም ማለት አልቻለም። የገዛ ምላሱ አጋለጠው። መጨረሻ ላይ ሁለቱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ወይን ይቀማመሳሉ። መርማሪው ገዳዩን ይይዘዋል፣ ግን ያከብረዋል። እንዲህ ያለ ፖሊስ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በሉ እስኪ።

መንገደኛው

ጥሩ ርዕስ አነሳህ ካፖርቱ። ኮሎምቦን ማንም አይጠላም። የእኔ ምርጫ ግን ኮጃክ ነው። በተለይ ደግሞ ኮጃክን የወለደው የመጀመሪያው ፊልም።

ሰው ኮጃክ ሲባል የሚያስታውሰው የቴሊ ሳቫላስን መላጣ ራስ፣ ኮፍያውንና ሎሊፖፑን ነው። ሎሊፖፑ የመጣው ሲጋራ ለማቆም ነው። ድራማው በሲቢኤስ ከ1973 እስከ 1978 ታይቷል። የኮጃክን ባልደረባ ወፍራሙን ስታቭሮስን የሚጫወተው የሳቫላስ የገዛ ወንድም ጆርጅ ነው። ይሄን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሥሩን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው።

በማርች 1973 ሲቢኤስ ዘ ማርከስ ኔልሰን መርደርስ የሚል ረጅም የቴሌቪዥን ፊልም አሳየ። የጻፈው አቢ ማን ነው። ኮጃክ የሚባለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ላይ ነው። ታሪኩ የተነሳው ከእውነተኛ ጉዳይ ነው። ኦገስት 28 ቀን 1963፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ያን ንግግር ባደረገበት ዕለት፣ ማንሃተን ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች መኖሪያቸው ውስጥ ተገደሉ። ወራት አለፉ። ገዳይ የለም። ጋዜጦች ፖሊስን ወጥረው ያዙት። በ1964 ብሩክሊን ውስጥ ጆርጅ ዊትሞር የሚባል የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ተያዘ። ምርመራ ክፍል አስገቡት። ሲወጣ 61 ገጽ የእምነት ቃል ተይዞበት ነበር።

ኪሱ ውስጥ የተገኘች የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ «የሟቿ ናት» ተባለ። ሲጣራ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሕይወት አለች። ግድያው በተፈጸመበት ቀን ልጁ ራሱ ኒው ጀርሲ ነበር፤ የኪንግን ንግግር በቴሌቪዥን ሲያይ ያዩት ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሌላ ሰው ተይዞ በ1965 ተፈረደበት። ዊትሞር ግን እዚያው ጣቢያ በተያዘ ሌላ ክስ ለዓመታት ሲታሰር ሲፈታ ቆይቶ ነጻ የወጣው በ1973 ነው። ፊልሙ በታየበት ዓመት።

አሁን ወደ ኮሎምቦ ልመለስ። አንተ ገዳዩን አስቀድመን ማየታችንን ወደድከው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ገዳዩን በዓይናችን ስላየን ኮሎምቦ የሚያጠምደው ወጥመድ ሁሉ ደስ ይለናል። ቢዋሽም፣ ቢያታልልም፣ ሰው ቤት ሳይጠራ ቢገባም ልባችን ንጹሕ ነው። እውነተኛው ፖሊስ ግን ያን የመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ አላየም። ብሩክሊን ጣቢያ የነበሩት መርማሪዎችም «ይሄ ልጅ ነው» ብለው እርግጠኛ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ኮጃክ ስህተቱን አይቶ ልጁን ለማዳን ይታገላል፣ ከገዛ ባልደረቦቹ ጋር ይጋጫል። ሃምሳ ዓመት አልፎትም ዛሬ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ የፖሊስ ድራማ ነው።

የቦሌዋ

መንገደኛው እኔ ይሄን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ኮጃክ ማለት ሎሊፖፕ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙን ፈልጌ አየዋለሁ።

ካፖርቱ

መንገደኛው፣ ይሄ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ ዝም ብዬ አላልፈውም።

እውነት ነው፤ ያ የመጀመሪያው ክፍል ለኮሎምቦ ይከራከርለታል። ግን ኮሎምቦ ማንን ነው የሚወጥረው? ጠበቃ የሚገዛውን፣ ለአለቆቹ ስልክ ደውሎ «ይሄን ሰውዬ አንሱልኝ» የሚለውን ነው። ምስኪኑን አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ገዳዩ ወንጀሉን ደካማ ሰው ላይ ሊጭን ሲሞክር፣ ኮሎምቦ ነው አልቀበልም የሚለው። የ1974ቱን ወታደራዊ ትምህርት ቤት አስታውስ። ፓትሪክ ማክጉሃን ኮሎኔሉን ሆኖ ይጫወታል፤ በዚያ ክፍል ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል። የሥነ ሥርዓት መድፉ እንዲፈነዳ ያደረገው ራሱ ነው። ጥፋቱ ግን መድፉን የመወልወል ተራ የነበረው አንድ ተማሪ ላይ እንዲወድቅ አመቻችቶታል፤ አፈሙዙ ውስጥ ጨርቅ ረስቷል ተብሎ። ሁሉም ልጁን ጥፋተኛ ብሎ ጨርሷል። ኮሎምቦ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ እያደረ ከተማሪዎቹ ጋር ያወራል፣ ይሰማል፣ ይጠብቃል። ዊትሞርን የመረመሩት ሰዎች እንደሱ ታጋሽ ቢሆኑ ኖሮ ፎቶግራፉ የማን እንደሆነ ከመወሰናቸው በፊት ኒው ጀርሲ ይሄዱ ነበር።

መንገደኛው

ያኛው ክፍል ላይ እስማማለሁ። የማክጉሃን ፊት ብቻ ይበቃል። ግን በዚያው በ1974 የተሠራውን የፎቶግራፍ አንሺውንስ ምን ትለዋለህ? ዲክ ቫን ዳይክ ሚስቱን ይገድላል፤ ከእስር ቤት የወጣ አንድ ምስኪን ላይ ይለጥፍና እሱንም ይገድለዋል። ኮሎምቦ መጨረሻ ላይ ምን አደረገ? ሰውየው ያነሳውን የሚስቱን ፎቶ ገልብጦ አሳትሞ አቀረበ፣ ዋናው ተበላሽቷል ብሎ ዋሸ። ሰውየው ደንግጦ ፎቶው የተነሳበትን ካሜራ ከመደርደሪያ ላይ መርጦ አወጣ። በቃ፣ ተያዘ። እኔም ሳየው አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን ፖሊስ የሠራው የውሸት ማስረጃ ነው እኮ።

አስተርጓሚዋ

እዚህ ላይ ልግባ። አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ስለ ሥራዬ ዝርዝር አልናገርም፣ አይፈቀድም። ስለ ሕጉ ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እዚህ አገር ፖሊስ በምርመራ ጊዜ ተጠርጣሪን ቢዋሽ በዚያ ብቻ የእምነት ቃሉ አይወድቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 እንዲህ ወስኗል። ስለዚህ መንገደኛው ያነሳው ነገር ተረት አይደለም፣ ዛሬም የሚሠራበት ነው። አንዳንድ ክልሎች ልጆችን በሚመለከት ብቻ ገደብ ማውጣት ጀምረዋል።

ሁለተኛ፣ የ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ። «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለው። የዊትሞር ጉዳይ በዚያ ውሳኔ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ተጠቅሷል። ያን መብት ሰው ቤት ድረስ ያደረሰው ደግሞ የሕግ መጽሐፍ አይደለም፣ ቴሌቪዥን ነው። ከእኛ ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገሩ አዛውንቶች እንኳ ፖሊስ ሰው ሲያስር ያን ንግግር እንደሚያነብ ያውቃሉ። ከየት ሰሙት? ከፊልም።

የእኔ ምርጫ በዚህ ምክንያት አዳም 12 ነው። ጃክ ዌብ ያሠራው፣ ከ1968 እስከ 1975 በኤንቢሲ የታየ። ሁለት ፓትሮል ፖሊሶች፣ ማሎይና ሪድ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪናቸውን እየነዱ ይውላሉ። አንድ ትልቅ ታሪክ የለውም። ሬዲዮው ይጠራል፣ ይሄዳሉ። የጠፋ ልጅ፣ የሰከረ ሰው፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የተሰረቀ መኪና። አንዳንዴ መጨረሻውን እንኳ ሳናውቅ ሌላ ጥሪ ይመጣል። የፖሊስ ሥራ አብዛኛው እንዲህ ነው። እርግጥ ድራማው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ድጋፍ ያለበት ስለሆነ ፖሊስን ከሚገባው በላይ ያሳምራል። እሱን እያወቃችሁ እዩት።

ደግሞ ካፖርቱ፣ ማሎይን የሚጫወተው ማርቲን ሚልነር ያንተ የስፒልበርግ ክፍል ውስጥ አለ። ታይፕራይተሩ ላይ የተቀመጠው ሟች እሱ ነው።

ካፖርቱ

ልክ ነሽ! በአንድ ሰሞን እዚያ ፖሊስ፣ እዚህ ሟች። ለዚያ ዘመን ተመልካች ምን ያህል አስደንጋጭ እንደነበረ አስቡት።

ጎማ

ስታርስኪና ሃች። ቀዩ ፎርድ ግራን ቶሪኖ ነጭ መስመሩን ይዞ ጥግ ሲዞር ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ፎርድ በ1976 የዚያኑ ዓይነት ቀለም እየቀባ አንድ ሺህ ገደማ መኪና ሸጧል። ዴቪድ ሶልና ፖል ማይክል ግሌዘር ደግሞ እውነተኛ ጓደኛሞች ይመስላሉ። ሁለት ወንዶች እንደዚያ ሲተሳሰቡ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሲያለቅስ በዚያ ዘመን የፖሊስ ድራማ ላይ ብርቅ ነበር።

ሰባ_ሁለት

ሁላችሁም በተዋናይ ነው የምትመርጡት። እኔ የምመርጠው ቋሚ ተዋናይ የሌለውን ነው፤ ፖሊስ ስቶሪ። ኤንቢሲ፣ ከ1973 እስከ 1978። የሚገርመኝ እስካሁን ማንም አለማንሳቱ ነው።

የጀመረው ጆሴፍ ዋምቦ ነው። ዋምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ያገለገለ። ፖሊስነቱን ሳይለቅ ልብ ወለድ ጽፎ ዝነኛ ሆነ። ከዚያ ዝናው ሥራውን አላሠራ አለው። ወንጀለኞች ሳይቀሩ ስለ ፊልም ይጠይቁት ነበር ይባላል። በ1974 ለቀቀ።

ዋምቦ አንድ አቋም ነበረው፤ ከወንጀሉ ይልቅ ወንጀሉ ፖሊሱን ምን እንደሚያደርገው ማሳየት። ስለዚህ ፖሊስ ስቶሪ በየሳምንቱ አዲስ ሰው፣ አዲስ ታሪክ ነው። ትዳሩ የፈረሰ፣ መጠጥ የያዘው፣ ጓደኛው የሞተበት፣ ጡረታ ደርሶ ቤት መግባት የፈራ። ባለታሪኩ ሊሞት ይችላል፣ ሊባረር ይችላል፣ ጥፋተኛ ሊሆንም ይችላል። ኮጃክ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። የፖሊስ ስቶሪ ሰው መመለሱን አታውቁም። ፍርሃቱ እውነተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በ1976 በምርጥ ድራማ ኤሚ ወስዷል። ኋላ የመጡት ትልልቅ የፖሊስ ድራማዎች፣ ፖሊስን ደክሞትና ተሰብሮ የሚያሳዩት ሁሉ፣ መንገዱን ያገኙት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገደኛው «የሚያስፈልገን ስህተቱን የሚያይ ፖሊስ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ስህተቱን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባውን ፖሊስ ነው ማየት የምፈልገው።

ብርሌ

እናንተ ሰዎች፣ የሴቷ ነገርስ? ፖሊስ ስቶሪ ውስጥ በ1974 የታየ አንድ ክፍል ነው ፖሊስ ውማንን የወለደው። አንጂ ዲኪንሰን ሳጅን ፔፐር አንደርሰንን ሆና እስከ 1978 ተጫወተች። ከዚያ በፊት ሴት ፖሊስ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት ድራማ በጣት የሚቆጠር ነው። እንደሱ የተሳካለት ደግሞ አልነበረም።

እናቴ ናት ያስለመደችኝ፤ ድጋሚ ሲታይ አብረን እናየው ነበር። ዲኪንሰን በጣም ጎበዝ ናት። ድርሰቱ ግን ብዙ ጊዜ በድሏታል። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ዳንሰኛ ወይም ሴተኛ አዳሪ መስላ ትገባለች፣ አደጋ ላይ ትወድቃለች፣ ወንዶቹ መጥተው ያወጧታል። የእሷ ብልሃት ጉዳዩን ሲፈታ ማየት ስንት ጊዜ ነው? ጥቂት።

ግን ስሙኝ። ፔፐር የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳጅን ናት። በዚያ ጊዜ በእውነተኛው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ውስጥ ሴት ከሳጅን በላይ መውጣት አትችልም ነበር። መንገዱ ዝግ ነው። ፋንቾን ብሌክ የተባለች የዚያው ፖሊስ ሳጅን በ1973 ፍርድ ቤት ወሰደቻቸው። ከፔፐር መምጣት አንድ ዓመት በፊት። ጉዳዩ በስምምነት ያለቀው በ1980 ነው፤ ፖሊሱ ሴቶችን ለመቅጠርና ለማሳደግ ግዴታ ገባ። ድራማው በታየባቸው ዓመታት ሁሉ ክሱ ፍርድ ቤት ነበር ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል? አንድም ክፍል በዚያ ላይ ቢሠሩ ኖሮ ዛሬ ከኮሎምቦ እኩል እናነሳው ነበር። ያበሳጨኛል፣ ስለምወደው ነው የሚያበሳጨኝ።

አስተርጓሚዋ

ብርሌ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ስለ ፋንቾን ብሌክ አንብቤያለሁ። ለዚያ ክስ የከፈለችው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው ያገለሏት።

ጋሽ_ሞኮንን

ልጆች፣ ጥሩ ነው የያዛችሁት። እኔ በዕድሜ ከእናንተ ሳልበልጥ አልቀርም። አሜሪካ የመጣሁት ሃዋይ ፋይቭ ኦ ገና በአዲስነቱ ሲታይ ነው። የሚታወሰኝ ሙዚቃው ነው። ሞርተን ስቲቨንስ የደረሰው። ከበሮው ሲጀምር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ያ ትልቅ ማዕበል።

ከ1968 እስከ 1980፣ አሥራ ሁለት ሲዝን። ሎው ኤንድ ኦርደር እስኪያልፈው ድረስ የፖሊስ ድራማ እንደሱ የቆየ አልነበረም። ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው፤ ኒው ዮርክ ነው የተባለው ኮጃክ እንኳ ብዙው የተቀረጸው እዚያ ነው። ሃዋይ ፋይቭ ኦ ግን ሃዋይ ነው የተሠራው። ሃዋይ ክልል ከሆነች ገና አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር። አብዛኛው አሜሪካዊ ያችን ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት እዚያ ነው።

ከመርማሪዎቹ አንዱን፣ ቺን ሆን፣ የሚጫወተው ካም ፎንግ ከተዋናይነቱ በፊት የሆኖሉሉ ፖሊስ ነበር፣ አሥራ ስድስት ዓመት። አቋቋሙን እዩት፣ ያስታውቃል። እኛ ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች ያን ድራማ የወደድንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፊቶቹ የተለያዩ ነበሩ። ቻይናዊ፣ ሃዋያዊ፣ ጃፓናዊ፣ ነጭ። አዛዡ ጃክ ሎርድ ቢሆንም በዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ቢሮ ሌላ ቦታ አላየሁም።

መንገደኛው

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ካም ፎንግ ፖሊስ እንደነበረ አላውቅም ነበር። አንድ ልጨምር፤ ሃዋይ ያን ጊዜ እንደ ድራማው ያለ የክልል ፖሊስ ጓድ አልነበራትም፤ ፖሊሱ በየካውንቲው ነበር። ፋይቭ ኦ የሚባለው ቡድን ሙሉ በሙሉ የተፈጠረ ነው።

የቦሌዋ

ዘ ስትሪትስ ኦፍ ሳን ፍራንሲስኮን የሚወድ የለም? ካርል ማልደንና ወጣቱ ማይክል ዳግላስ። ቁልቁለቱ፣ ጭጋጉ፣ አሮጌው መርማሪ ወጣቱን ሲያስተምር። ዳግላስ በ1976 ከወጣ በኋላ ግን ነፍሱ ወጣ።

ሰባ_ሁለት

እኔ እወደዋለሁ። ማልደን ለወጣቱ እንደ አባት ነው፣ አንድም ቦታ አይጮህበትም። ያለ ዳግላስ የተሠራውን የመጨረሻውን ሲዝን እኔም ዘልዬዋለሁ።

ጎማ

ባርኒ ሚለር ይቆጠራል? ኮሜዲ ነው፣ ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ሰባ_ሁለት

ይቆጠራል! ከ1975 እስከ 1982 ኤቢሲ ላይ የታየ፣ ኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚገኝ ጣቢያ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ማሳደድ የለም፣ ተኩስ የለም። መርማሪዎቹ ጠረጴዛቸው ጋ ቁጭ ብለው መጥፎ ቡና እየጠጡ ፎርም ይሞላሉ። ሰዎች ይመጣሉ፣ አቤቱታቸውን ይናገራሉ። ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የቺካጎ ፖሊስ የነበረው ዴኒስ ፋሪና ሳይቀር ከቴሌቪዥን ድራማዎች ሁሉ ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ነው ይል ነበር። ያን ዘመን ደግሞ አስቡት። በ1975 የኒው ዮርክ ከተማ ገንዘብ አልቆባት በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶችን አሰናብታለች። ባርኒ ሚለር ውስጥ ሕንፃው የሚያፈስሰው፣ ሁሉ ነገር የሚሰበረው ዝም ብሎ ለማሳቅ አይደለም።

ካፖርቱ

ከዚህ ሁሉ በኋላም ምርጫዬን አልቀየርኩም። ግን መንገደኛው ያነሳው ነገር አልለቀቀኝም። የፎቶግራፍ አንሺውን ክፍል ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። ኮሎምቦ ሲዋሽ ገዳዩ ላይ እጁን አላነሳም፣ ሌሊቱን ሙሉ አልዘጋበትም፣ የሌለ ቃል አፉ ውስጥ አልጨመረበትም። ካሜራውን ያነሳው ሰውየው ራሱ ነው፣ በሌሎች ፖሊሶች ፊት። ያ ካሜራ የትኛው እንደሆነ ንጹሕ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ዊትሞር የፈረመው ግን ፖሊሶቹ አስቀድመው የሚያውቁትን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ለማወቅ የተዘየደ ብልሃት ነው። ሁለተኛው አውቀናል ብሎ ማስፈረም ነው።

መንገደኛው

ይሄኛው መልስ አሳምኖኛል ማለት ይቻላል። «ማለት ይቻላል» ያልኩት ሁሉም ፖሊስ ኮሎምቦ ስላልሆነ ነው። ሕግ የሚወጣው ደግሞ ለሁሉም ፖሊስ ነው።

አስተርጓሚዋ

በትክክል።

ሊያ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንዱንም አላየሁም፤ የተወለድኩት እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው። ከየት ልጀምር? ከአባቴ ጋር ነው የማየው፣ እንግሊዝኛው ፈጣን ከሆነ ይሰለቸዋል።

ካፖርቱ

እንኳን ደህና መጣሽ ሊያ። ለአባትሽ ኮሎምቦ ነው። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፣ ገዳዩን ደግሞ መጀመሪያ ስለምታዩት አንድ ነገር ቢያመልጠው እንኳ ታሪኩ አይጠፋበትም። በአንቴና የሚያዘው ሚቲቪ ለዓመታት እሑድ ማታ ሲያሳየው ነበር፤ ፕሮግራሙን እዪው። ከስፒልበርጉ ጀምሪ፤ ከዚያ የወይን ጠማቂው፤ ከዚያ የኮሎኔሉ። ከ1989 በኋላ በኤቢሲ የተሠሩትን ለጊዜው ተያቸው፣ የ70ዎቹን አያህሉም።

ብርሌ

ሊያ፣ የ1975ቱን የጃኔት ሊንም አትርሺ። ያረጀች የፊልም ተዋናይት ናት፣ ወደ መድረክ ለመመለስ ስትል ባሏን የምትገድል። ያ ክፍል የሚያልቅበት መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። አልነግርሽም። አባትሽ ካየ በኋላ ኮሎምቦ ትክክል ሠራ አልሠራም ብላችሁ መከራከራችሁ አይቀርም።

ጋሽ_ሞኮንን

ሊያ ልጄ፣ አባትሽን ሃዋይ ፋይቭ ኦን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። ሙዚቃውን ብቻ አሰሚው።

ሊያ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ሙዚቃውን አሁን ከስልኬ አሰማሁት። በደንብ ያውቀዋል! እሑድ ኮሎምቦን እንጀምራለን። የጃኔት ሊን ካየን በኋላ እኔና እሱ የተለያየ ሐሳብ ከያዝን ሁለቱንም እዚሁ እጽፋለሁ።

መንገደኛው

ጻፊ። የማርከስ ኔልሰንን ፊልም ግን ብቻሽን አስቀድመሽ እዪው፤ አጀማመሩ ከባድ ነው። አባትሽ ይቻለዋል ካልሽ ከዚያ አብራችሁ እዩት።